ብራድፊልድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሙን ያነበብኩት የባሕር ኃይል አብራሪ፦ ሁለት ጊዜ ከተሳካለት ለምን ሦስተኛ ሞከረ?

የስቱር ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። የአውሮፕላን ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ቢሆንባችሁ ታገሡኝ።

እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ፣ የስቱር ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው የምሠራው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ከምረዳቸው መካከል ዕድሜያቸው ዘጠናን የተጠጋ፣ በወጣትነታቸው መርከበኛ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ብዙ አይናገሩም። ባለፈው እሑድ ግን ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝና ብራድፊልድ ወደምትባለው መንደር፣ ወደ ቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ አሉ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አስገባኋቸው። ከአንድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ፊት ስንደርስ እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ሰሌዳው ስለ ስኳድሮን ኮማንደር ኤድዊን ሃሪስ ደኒንግ ነው። የተጻፈበት የባሕር ኃይሉ የበላይ መሥሪያ ቤት የሐዘን ቃል ነው። እየተጓዘች ባለች የጦር መርከብ ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ እንደሚቻል እንዳሳየ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ እንደማያውቅ፣ የባሕር ውጊያንም ሊለውጥ እንደሚችል ይናገራል። ከዚያ ቀጥላ የምትመጣው ዐረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ሁለት ጊዜ በደህና አርፎ ነበር፤ ሌሎች አብራሪዎች ከመሞከራቸው በፊት ግን ራሴ አንድ ጊዜ ልድገመው አለ፤ በዚያው ሞተ ትላለች። የሞተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1917 ነው። ዕድሜው 25።

ታናሽ ወንድሜም 25 ዓመቱ ነው። ለዚያ ይሆናል እንዲህ የነካኝ።

አዛውንቱን ለምን ደገመው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልቡ አላረፈም ነበር» አሉኝና ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። ሁለት ጊዜ ከተሳካለት ምን ቀረው? ወጣትነት አቻኩሎት ነው? ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው ባለበት መርከብ አጠገብ ውኃ ውስጥ ወድቆ እንዴት ሳያወጡት ቀሩ?

ክንፍ ጠጋኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቀላል አይደለም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት አውሮፕላን በመጠገን ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የዚህን ልጅ ፎቶግራፎች ከወጣትነቴ ጀምሮ ስመለከታቸው ኖሬአለሁ። ችኮላ የሚለውን ቃል ከእሱ ላይ አንሺልኝ። ለምን እንደምል ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ደኒንግ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1892 በደቡብ አፍሪካ ነው። በልጅነቱ ኦስቦርንና ዳርትማውዝ በተባሉት የባሕር ኃይል ትምህርት ቤቶች ገባ፤ ስለዚህ መጀመሪያ መርከበኛ፣ ቀጥሎ አብራሪ ነው። ቤተሰቡ የሚኖሩት አንቺ ባለሽበት በብራድፊልድ፣ ጃክስ ሆል በሚባል ቤት ነበር። ፊዩሪየስ ወደተባለችው፣ ኋላ ወዳረፈባት መርከብ ሲመጣ ገና ጀማሪ አልነበረም። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በባሕር አውሮፕላን ሲሠራ ቆይቶ የጀግና መስቀል ተሸልሟል።

አሁን ወደ መርከቧ ልምጣ። ፊዩሪየስ ስትታሰብ ግዙፍ መድፍ የምትሸከም ፈጣን የጦር መርከብ ነበረች። የኋላው መድፍ አፈ ሰፊነት ብቻ 457 ሚሊ ሜትር ነው። የፊተኛው ሳይገጠም ቀረና በቦታው የአውሮፕላን መጠለያ ተሠራ፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ መንደርደሪያ ወለል ተነጠፈ። ወለሉ የተነጠፈው ለመነሻ ነው፤ ለማረፊያ ማንም አላሰበውም። መሐል ላይ የመርከቧ ማዘዣ ሰገነትና ጭስ ማውጫው እንደ ቤት ቆመዋል። ከኋላ በቀጥታ መጥተሽ ልረፍ ብትዪ ከእነሱ ጋር ትላተሚያለሽ።

ታዲያ ከዚያች ወለል የተነሣ አብራሪ ወዴት ይመለስ? መልሱ የሚያሳዝን ነው፤ ባሕር ላይ። ከመርከብ አጠገብ ውኃው ላይ ያሳርፋታል፣ ጀልባ መጥታ እሱን ታነሣዋለች፣ አውሮፕላኑ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ደኒንግ በሞተ በሁለት ሳምንቱ፣ ነሐሴ 21 ቀን፣ ያርማውዝ ከተባለች መርከብ የተነሣ ስማርት የሚባል አብራሪ የጀርመኖችን ኤል 23 ዜፕሊን፣ ማለትም በጋዝ የሚንሳፈፍ ግዙፍ የአየር መርከብ፣ ጥሎ የተመለሰው እንዲህ ነው፦ ድሉን ይዞ ውኃ ላይ ወረደ። አንድ በረራ አንድ አውሮፕላን ይበላል ማለት ነው። ሰውየውም እያንዳንዱ በረራ ላይ ሕይወቱን ለሰሜን ባሕር ያስይዛል። ደኒንግ ሊዘጋው የፈለገው ይህንን ጉድጓድ ነው።

ስሌቱን ስሚኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦታው በኦርክኒ ደሴቶች መካከል ያለው ስካፓ ፍሎ የተባለ የባሕር ወሽመጥ፣ ቀኑ ሐሙስ ነሐሴ 2። መርከቧ በ26 ኖት ፍጥነት ወደ ንፋሱ ትሮጣለች፤ ንፋሱ ራሱ 21 ኖት ይመጣል። ሲደመር ወለሏ ላይ 47 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ያህል ንፋስ ይነፍሳል። ደኒንግ የሚያበረው ሶፕዊዝ ፓፕ ደግሞ ባዶውን 357 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ እንጨትና ሸራ ነው። እንዲህ ያለች ቀላል አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት ገና አየር ላይ መቆየት ትችላለች። ስለዚህ ከመርከቧ እኩል ቢበር ወለሉ ላይ ካለ ሰው አንጻር ቆሞ የሚንሳፈፍ ይመስላል። በመርከቧ ጎን መጣ፣ ማዘዣ ሰገነቱን ካለፈ በኋላ አውሮፕላኑን ወደ ጎን አንሸራቶ ከወለሉ በላይ አደረጋት፣ ሞተሩን ቀነሰ። ጓደኞቹ መኮንኖች ሮጠው ከክንፎቿና ከገላዋ የተንጠለጠሉትን የገመድ መያዣዎች አፈፍ አድርገው ጎትተው አወረዷት። እየተጓዘች ባለች መርከብ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ በዓለም የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ፎቶግራፉ አለ፤ ፈልጊና ተመልከቺው። ሰዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እሱ ከላያቸው። እኔ ግን ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ደስታውን ትቼ እጆቹን ነው የማየው። ፍሬን የለም፤ ያለው የሰው እጅ ነው።

አንድ ቀን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከመጠለያ ስናወጣ የግራ ክንፍ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ንፋስ በክንፉ ሥር ገባ። ሦስት ጎልማሶች ነን፤ እግሬ ከመሬት ሲለቅ ተሰማኝ። ለቀቅኩት። አውሮፕላኑ በቀኝ ክንፉ ተደፋ። ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያ ንፋስ ደኒንግ ካረፈበት ንፋስ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ማክሰኞ ነሐሴ 7 እንደገና መጣ። ሁለተኛው ማረፍ ተሳካ ይባላል፤ ሰሌዳውም እንደዚያ ይላል። ነገር ግን ንፋሱ አውሮፕላኗን ወደ ኋላ ገፍቶ ጅራቷን ጎዳት። አዛውንቱ «ልቡ አላረፈም» ያሉት እውነታቸውን ነው። ሁለት ጊዜ ወርዷል፣ ነገር ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት አልሆኑለትም። እኛ ጠጋኞች አንድ ብልሽት ሁለት ጊዜ በተለያየ መልክ ሲመጣ ገና አልገባንም ማለት ነው እንላለን። ከኋላው ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ አዛዣቸው እሱ ነው። ገና ያልገባውን ነገር አድርጉት ብሎ ሊልካቸው አልፈለገም። ሌላ ፓፕ ይዞ ተነሣ።

ሦስተኛው ላይ አመጣጡ ከፍ ብሎ ወደ ፊት አለፈ። ሊይዙት ለሚሮጡት ተዉኝ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ዞሬ ልምጣ ብሎ ሞተሩን ከፈተ። የፓፕ ሞተር፣ ለ ሮን የሚባለው ባለ 80 የፈረስ ጉልበት፣ ዛሬ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም። ዘጠኙ ሲሊንደሮች ከነአቃፊያቸው ከፊት ካለው አየር ቀዛፊ (ፕሮፔለር) ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ነዳጁንና አየሩን አብራሪው በእጁ በሁለት ዘንግ እያመጣጠነ ነው የሚመግበው። በድንገት ብትከፍቺበት ነዳጁ ይበዛበትና ይታፈናል። ታፈነ። ንፋሱ የግራውን ክንፍ ከሥር አነሣው። አውሮፕላኗ በቀኝ በኩል ከወለሉ ጠርዝ ወደ ባሕር ተገለበጠች። የዚህም ፎቶ አለ፤ ሰዎቹ ወደ ጠርዙ ሲሮጡ ይታያሉ። እጃቸው ተዘርግቷል፤ አልደረሱም።

ናሆም

ለክንፍ ጠጋኝ ምስጋና ይግባዎ። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም» የሚለውን ሰው በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳው። መርከብ ላይ ያረፈ የመጀመሪያው ሰው ደኒንግ አይደለም። አሜሪካዊው ዩጂን ኢላይ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 1911 በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ፣ ፔንሲልቬኒያ በተባለች መርከብ ላይ አርፏል። ያቺ መርከብ ግን መልሕቋን ጥላ ቆማ ነበር። ሰሌዳው እየተጓዘች ባለች መርከብ ላይ ስለሚል ቃሉ ልክ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ኢላይ ያረፈው በወለሉ ላይ አግድም የተዘረጉ ገመዶችን በአውሮፕላኑ መንጠቆ እየያዘ ነው፤ የገመዶቹ ጫፎች በአሸዋ ከረጢት ታስረው ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አልፏል። እንግሊዞቹ ይህን እያወቁ ለምን የሰው እጅ ላይ ጣሉት? ይህ ነው የማይዋጥልኝ። ኢላይም በዚያው ዓመት ጥቅምት 19፣ ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ከተማ በተደረገ የበረራ ትርኢት ላይ ተከስክሶ ሞቷል። 25 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ክንፍ ጠጋኝ

ናሆም፣ ስለ ኢላይ ማስታወስህ ተገቢ ነው። ስለ ገመዱ እንዲህ አስባለሁ፤ የራሴ ግምት ነው፣ በዚሁ ያዝልኝ። ኢላይ የቆመች መርከብ ላይ በሙሉ ፍጥነት ስለመጣ ችግሩ መቆም ነበር፤ ገመዱም ያቆመዋል። ደኒንግ ዘንድ ግን ወለሉና አውሮፕላኑ እኩል ስለሚሄዱ የሚያቆመው ነገር የሚያስፈልግ አልመሰለም። የእሱ ችግር ካረፈ በኋላ መሬት ይዞ መቆየት ነው። ጎማው ወለሉን ነክቶም ክንፉ አሁንም ይበራል። ሞተሩ ቢጠፋም ይበራል። ያንን የሚይዝ ነገር ደግሞ ገና አልተፈጠረም ነበር። ጠላቱ ከፊት የሚመጣው ንፋስ ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደግሞ ወዳጁ እሱ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የወለሉ ነው፣ ይህን ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ከሞቱ በኋላ በዚያች የፊት ወለል ላይ ማረፍ ቀረ። የኋላውን ትልቅ መድፍ አነሡና በቦታው ማረፊያ ወለል ሠሩ። ማዘዣ ሰገነቱና ጭስ ማውጫው ግን መሐል ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ከእነሱ የሚመጣው የታመሰ አየርና የጭሱ ሙቀት አውሮፕላኖቹን እየጣለ አስቸገረ፤ አብዛኞቹ ሙከራዎች በመሰባበር አለቁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1918 ሰባት ካሜል አውሮፕላኖች ከፊዩሪየስ ተነሥተው ቶንደርን በተባለ የጀርመኖች የጦር ሰፈር ያሉትን የዜፕሊን መጠለያዎች መትተው ሁለት ዜፕሊን ሲያቃጥሉ እንኳ ወደ መርከቦቹ የተመለሱት ውኃ ላይ ነው የወረዱት። ደኒንግ ከሞተ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው! ጥያቄው የተፈታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠፍጣፋ የሆነችው አርገስ በዚያው ዓመት መስከረም አገልግሎት ስትጀምር ነው። ፊዩሪየስም ራሷ በ1920ዎቹ ሙሉ ወለል ተደርጎላት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሠርታ በ1948 ነው ለቁራጭ ብረት የተሸጠችው።

ማዕበል

እህት የስቱር ዳር የመጨረሻ ጥያቄሽን ማንም አልመለሰልሽም፤ እኔ ልሞክር። የንግድ መርከብ ላይ የመርከብ ወለል ሠራተኛ ነኝ።

ሰው ሲወድቅ ሁላችንም «አቁሟት» እንላለን። መርከብ መኪና አይደለችም። ሞተር ብታጠፊም ክብደቷ ይዟት ይሄዳል። 240 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት መርከብ በ26 ኖት እየሮጠች አንድ ነገር ከጎኗ ቢወድቅ፣ አንቺ ዞር ብለሽ እስክታዪ ድረስ ከኋላሽ ቀርቷል። ደቂቃ ሳይሞላ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ ፍጥነት መቀነስ፣ ጀልባ ማውረድ፣ መቅዘፍ አለ። ደኒንግ ጋ እስኪደርሱ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ፈጅቷል። አውሮፕላኗ ውኃው ላይ ነበረች፤ እሱ ግን ሲወድቅ ራሱን ስቶ፣ መቀመጫው ውስጥ እንዳለ ውኃ ጨርሶታል። ልብ በይ፤ አወዳደቁ ገዳይ አልነበረም። የገደለው ጊዜ ነው። ከጎኑ ዝግጁ የሆነች ጀልባ ብትኖር ኖሮ የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣብኛል።

እኛ ጋ የማዳኛ ልምምድ በየጊዜው እናደርጋለን፤ አሻንጉሊት ሰው ውኃ ላይ እንጥልና እንፈልገዋለን። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ባሕሩ ዝም ባለበት ቀን እንኳ ዓይኔን አንድ ጊዜ ካነሣሁበት መልሼ አላገኘውም። አንድ ሰው ሥራው በጣቱ እየጠቆመ ማየት ብቻ ነው። ያ ሰው እጁን አያወርድም፣ ቢጠሩትም አይዞርም። በፎቶው ላይ ወደ ጠርዙ ከሚሮጡት መካከል አንዱ እንዲህ ቆሞ እንደነበር እገምታለሁ።

የስቱር ዳር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ክንፍ ጠጋኝ፣ ችኮላ የሚለውን ቃል አንሥቻለሁ።

የጻፋችሁትን ዛሬ ጠዋት ለአዛውንቱ ቁርሳቸውን ሰጥቼ በእንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ስለ ሞተሩ ስትጽፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ንፋሱ ያላችሁት ጋ ስደርስ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት። ማዕበል ስለዚያ ጣቱን ስለማያወርደው ሰው የጻፍከውን ሳነብ ግን ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ። ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። ብዙ ቆዩ። በወጣትነታቸው ያ ሥራ የእሳቸው እንደነበረ ያወቅኩት ያኔ ነው። ማንን ሲጠቁሙ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ባሕር ኃይሉ ስለ ደኒንግ መታሰቢያ ዋንጫ እንደነበረውና በየዓመቱ በመርከብና በአውሮፕላን መካከል ላለው ሥራ ይበልጥ ለደከመ መኮንን ይሰጥ እንደነበር ነገሩኝ። ይህንን በደስታ ነው ያወሩት። ሻያቸው ቀዝቅዞ ሌላ አፈላሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እኔ ቆጥሬ አገኘሁ። ያ ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1917፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1909 ነው። ፍልሰታ የገባ ዕለት። በዚህ ዓመትም ያው ቀን ይመጣል፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄአለሁ። አዛውንቱን ወስጄአቸው ከዚያ ሰሌዳ ፊት ወንበራቸውን አቆማለሁ፤ እሳቸው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፣ እኔ ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የለቀቁትን ክንፍም በዚያው አስበዋለሁ።

ክንፍ ጠጋኝ

እሺ ልጄ። ንፋስ እንዳያጠፋብሽ፣ ጧፉን ከውስጥ አብሪው።